ሐተታ ወይስ ምርመራ? ስለ «ኢንኳየሪ» ቃል ሥርና ስለ አጠያየቃችን

ደብረ ታቦር ላይ ለአገልጋዮች በተዘጋጀ አጭር ሥልጠና ስለ መጽሐፍ ቅዱስ አጠናን አስተምር ነበር። ትምህርቱን የጀመርሁት ብዙዎቻችን በለመድነው መንገድ ነው። ኢንኳየሪ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፍሁና ለሁለት ከፈልሁት። «ኢን ማለት ውስጥ ነው፤ ኳየሪ ደግሞ ጥያቄ። እንግዲህ ኢንኳየሪ ማለት ውስጥን መጠየቅ፣ ራስን መመርመር ማለት ነው» አልሁ። አሜን ያሉ ነበሩ፤ በማስታወሻቸው የጻፉም ነበሩ።

በእረፍት ሰዓት አንድ ተማሪ ቀረበኝ። በልጅነቱ ድጓ ሊማር ጋይንት ቤተልሔም ድረስ የሄደ፣ ኋላም ወንጌላዊ የሆነ ሰው ነው። «መጋቢ፣ ካላስቸገርሁዎት አንድ ነገር ልጠይቅ» አለኝ። «የእኛው ሐተታስ? በግእዙ ሐተተ ማለት መረመረ፣ ጠየቀ ነው። እናቴ ግን ‹ሐተታ አታብዛ› ስትለኝ ነገር አታስረዝም ማለቷ እንጂ አትመርምር ማለቷ አልነበረም። ታዲያ ቃሉ ምን ማለት ነው እንበል? ግእዙን እንከተል ወይስ እናቴን?»

በዚያ ሰዓት በቂ መልስ አልሰጠሁትም። እርሱ ግን በትሕትና የነገረኝ ነገር ገብቶኛል፤ ሰሌዳው ላይ የሠራሁት ነገር ስሕተት ነበር። ስሕተቱም የእኔ ብቻ አይደለም። በስብከታችንም፣ በመመረቂያ ጽሑፎቻችንም ተደጋግሞ የሚታይ ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተማሪ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። አሳቡም በአጭሩ ይህ ነው፦ የቃል ሥር ቃሉ ከየት እንደ መጣ ይነግረናል እንጂ ዛሬ ምን እንደሚል አይወስንልንም፤ እንደዚሁም የጥያቄ ማንነት የሚታወቀው በተጠየቀበት ቃል ሳይሆን ጠያቂው መልሱን ለመቀበል ባለው ዝግጁነት ነው።

ኢንኳየሪ ከየት መጣ?

ከእንግሊዝኛው እንጀምር። ቃሉ መሠረቱ ላቲን ነው። ኳኤሬሬ ማለት ፈለገ፣ ጠየቀ ማለት ነው። ኢን የሚለው ክፍል ሲጨመርበት ኢንኲሬሬ ይሆናል፤ ትርጉሙም ወደ ነገሩ ገብቶ መፈለግ፣ አጥብቆ መጠየቅ ነው። ከዚያ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል በመካከለኛው ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ገባ፤ አጻጻፉም ኋላ በሊቃውንት እጅ ወደ ላቲኑ እንዲቀርብ ተስተካከለ። እስከ ዛሬ በብሪታንያ ቃሉ በሁለት ዓይነት ይጻፋል፤ በብዙዎች ልማድ አንደኛው አጻጻፍ ለተራ ጥያቄ፣ ሁለተኛው መንግሥት ለሚያቋቁመው አጣሪ ምርመራ ይውላል። ኢን የሚለው ክፍል «ወደ ጉዳዩ ዘልቆ» የሚል ስሜት ይሰጥ እንደ ሆነ እንጂ «ወደ ገዛ ልብህ ተመለስ» አይልም። እኔ ሰሌዳው ላይ ያስተማርሁት ከቃሉ የወጣ አልነበረም፤ ቃሉ ላይ የጫንሁት ስብከት ነበር።

የዚህን የላቲን ሥር ልጆች ብንቆጥር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ክዌስቸን፣ ማለትም ጥያቄ፣ ከእርሱ ነው። ሪክዌስት፣ ማለትም ልመና፣ ከእርሱ ነው። አኳየር፣ ማለትም ገንዘብ ማድረግ፣ ከእርሱ ነው። ኮንከር፣ ማለትም ድል አድርጎ መያዝ፣ ከእርሱ ነው። ኢንክዊዚሽንም ከእርሱ ነው። ይህ የመጨረሻው በታሪክ የምናውቀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመናፍቃን ምርመራ ችሎት ነው፤ በ13ኛው መቶ ዘመን ተጀምሮ፣ በስፔን በ1478፣ በፖርቱጋል በ1536 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው። ኢንኳየሪና ኢንክዊዚሽን ከአንድ ግስ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ የማያውቀውን ለማወቅ ይጠይቃል። ሌላው የሚያውቀውን ለማስመስከር ይጠይቃል። ሥሩ ትርጉሙን የሚወስን ቢሆን ኖሮ በሁለቱ መካከል ልዩነት ባልኖረ ነበር።

ይህን ለማስተዋል ላቲን ማወቅ አያስፈልግም። በአማርኛችን መረመረ ከሚለው አንድ ግስ ምርምርም ምርመራም ይወጣሉ። ምርምር ስንል ዩኒቨርሲቲው፣ ቤተ ሙከራው፣ መጽሐፉ ትዝ ይለናል። ምርመራ ስንል ፖሊስ ጣቢያው ወይም የጤና ጣቢያው የደም ምርመራ ይመጣብናል። ተመራማሪ ሆኖ መጠራት ክብር ነው፤ መርማሪ ፊት መቅረብ ግን ማንንም አያስደስትም። ልዩነቱን ያመጣው ሥሩ ሳይሆን አጠቃቀሙ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ ግሪክኛ ስንነካ ግን የምንረሳው ይመስላል።

መረሳቱን የሚያሳዩ ምሳሌዎች ሩቅ አይደሉም። ቤተ ክርስቲያን የሚለው የግሪክኛ ቃል ኤክሌሲያ ከ«ወጣ» እና ከ«ጠራ» የተሠራ ስለ ሆነ «ከዓለም ተጠርተው የወጡ» ማለት ነው የሚለውን ያልሰማ ምእመን የለም። ነገር ግን በሐዋርያት ሥራ 19 በኤፌሶን ለአርጤምስ የሚጮኸው፣ አብዛኛው ለምን እንደ ተሰበሰበ እንኳ የማያውቀው ሕዝብ በዚሁ በኤክሌሲያ ስም ተጠርቷል። ያ ሁካታ ከምንም ተጠርቶ አልወጣም፤ ቃሉ በዘመኑ ጉባኤ፣ ስብሰባ ማለት ነበር። እንደዚሁ ዱናሚስ የሚለውን ኃይል ከድማሚት ጋር አገናኝተን እንሰብካለን፤ ድማሚት ግን አልፍሬድ ኖቤል በ1867 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ስም ነው። ጳውሎስ ስለማያውቀው ፈንጂ ሊጽፍ አይችልም። ቤተ ክርስቲያን የተጠራች መሆኗ፣ ወንጌልም ኃይል መሆኑ እውነት ነው። እውነቱ ግን የቆመው በዐውደ ንባቡ ላይ እንጂ በእኛ ሥርወ ቃል ላይ አይደለም።

ጄምስ ባር በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋ የፍቺ ጥናት ባሳተመው መጽሐፍ የሥነ መለኮት ሊቃውንትን የወቀሰው በዚህ ነው። በወንጌላውያን ዘንድ ደግሞ ዲ. ኤ. ካርሰን በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ አፈታት ስሕተቶች በጻፈው መጽሐፍ ይህን የሥር ስሕተት ከሌሎች የቃል ጥናት ስሕተቶች ጋር አንሥቶታል። ሁለቱም ሥርወ ቃል ከንቱ ነው አላሉም። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚገኝ አስቸጋሪ ቃል ሥሩ ሊረዳ ይችላል፤ የቃሉንም ታሪክ ያሳያል። ነገር ግን ደራሲው ቃሉን እንዴት እንደ ተጠቀመበት ሳይጠይቁ ከሥሩ በቀጥታ ወደ ስብከት መዝለል ጽሑፉን ማዳመጥ ሳይሆን ጽሑፉን ማናገር ነው።

ሐተታ፦ ከጉባኤ ቤት እስከ እናት ጓዳ

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። በግእዝ ሐተተ ማለት ጠየቀ፣ መረመረ፣ ፈተሸ ነው። ሐተታ ደግሞ ያ ምርመራ ነው። በቤተ ክህነቱ የአንድምታ ትርጓሜ ሐተታ የታወቀ ቦታ አለው። ንባቡ ይቀመጣል፤ ትርጉሙ ይከተላል፤ «አንድም» እየተባለ ሌላ ሌላ ፍቺ ይሰጣል፤ ከዚያ «ሐተታ» ወይም «ታሪክ» ተብሎ ማብራሪያው ይመጣል። በዚያ ማብራሪያ ውስጥ ደጋግማ የምትመጣ አንዲት ትንሽ ቃል አለች፤ «ቢሉ»። «ስለ ምን ቢሉ»፣ «እንዴት ቢሉ» ይላል ሊቁ፣ ከዚያ መልሱን ይሰጣል። ስለዚህ በአንድምታው ገጽ ላይ ሁልጊዜ አንድ ያልተሰየመ ጠያቂ ተቀምጧል። መምህሩ ያለ እርሱ አይተረጉምም።

ከጉባኤ ቤት ውጭ ግን ቃሉ ሌላ መንገድ ሄደ። ዛሬ በጋዜጣና በመጽሔት ሐተታ ማለት ሰፋ ያለ ማብራሪያ ነው። በቤት ውስጥ «ሐተታ አበዛህ» የተባለ ልጅ ነገር አስረዝመሃል መባሉን ያውቃል። የቃሉ ጉዞ ምክንያቱ አይሰወርም። መጀመሪያ ጥያቄው ነበረ፤ ጥያቄው ማብራሪያ ወለደ፤ ከጊዜ በኋላ ጥያቄው ቀረና ማብራሪያው ብቻውን ስሙን ወረሰ። ስለዚህ ለወንድሜ የምመልስለት ይህ ነው፦ ግእዙ ላይ ስትቆም ግእዙን ተከተል፤ እናትህ ስትናገር እናትህን ስማ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱን በሌላው መሻር ግን ስሕተት ነው።

ሆኖም የዚህ ቃል ታሪክ ለእኛ ለሰባኪዎች ወቀሳ አለው ብዬ አስባለሁ። ወቀሳውን ከሥሩ አላወጣሁትም፤ ከራሳችን ልማድ እንጂ። የእኛም ትምህርት በዚያው መንገድ እንዳይሄድ ያሰጋል፤ ጥያቄው ቀርቶ ማብራሪያው ብቻ ሲረዝም። የአንድ ሰዓት ስብከት አዳምጠን «ቢሉ» አንድ ጊዜ እንኳ ያልተሰማበት ጊዜ ስንት ነው?

ጋይንት ቤተልሔምና የሐተታው መጽሐፍ

ሐተታና ኢንኳየሪ በአንድ የመጽሐፍ ሽፋን ላይ የተገናኙት ደግሞ በዚሁ በደቡብ ጎንደር በኩል ባለፈ ታሪክ ነው። ከደብረ ታቦር ጉናን ተሻግሮ ወደ ወልድያ በሚወስደው አቅጣጫ ጋይንት ይገኛል። ቤተልሔም የምትታወቀው በድጓ ትምህርቷ ነው፤ ተማሪዬም የሄደው ለዚያ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ግን እዚያ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣልያዊ የካፑቺን መነኩሴ ተቀምጦ ነበር። ግእዝና አማርኛ ተማረ፤ በፓሪስ ላለው ለአንትዋን ዳባዲ የብራና መጻሕፍት ያስገለብጥና ይልክ ነበር። ከላካቸው መካከል ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ይገኝበታል። ጁስቶ በ1855 እ.ኤ.አ. ከአገር ወጣ፤ በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ። መጽሐፉ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በዳባዲ ስብስብ ውስጥ አለ።

መጽሐፉ የሚተርከው በ1599 እ.ኤ.አ. በአክሱም አቅራቢያ ተወለድሁ ስለሚል ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩ በሃይማኖት ሲታወክ በጠላት ተከስሶ ይሸሻል፤ መዝሙረ ዳዊትን ይዞ በዋሻ ይቀመጣል፤ ይጸልያል፤ ያስባል። ሱስንዮስ ካለፉ በኋላ በእንፍራዝ ይኖራል፤ ያገባል፤ ያስተምራል። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ደግሞ ሁለተኛውን ሐተታ ይጽፋል። የዘርዐ ያዕቆብ ዋና ክስ ሰዎች የአባቶቻቸውን እምነት ሳይመረምሩ ተቀብለዋል የሚል ነው፤ ሁሉም የየራሱን እውነት ይላል፤ ማን ይፈርዳል? እርሱ እግዚአብሔር ለሰው በሰጠው ልቡና ይመረመር ይላል።

የዚህን መጽሐፍ ስም እንዴት እንተርጉመው? ክሎድ ሰምነር በ1976 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራቸው በእንግሊዝኛ ትሪቲስ ብለውታል፤ ማለትም በአንድ ርእስ ላይ በሥርዓት የተደራጀ ድርሳን። በ2023 እ.ኤ.አ. ራልፍ ሊ ከመሐሪ ወርቁና ከዌንዲ ቤልቸር ጋር ያወጡት አዲስ ትርጉም ግን ሐተታን እንዳለ አስቀምጦ ኢንኳየሪስ የሚለውን አጠገቡ አኖረ። በእኔ ፍርድ ሁለተኛው ይሻላል። ድርሳን መልሱን ጨርሶ የተቀመጠ ሰው ሥራ ነው። ይህ መጽሐፍ ግን የሕይወት ታሪክ፣ ጸሎትና ጥያቄ የተደባለቁበት ነው፤ ጸሐፊው ሲጠይቅ እናየዋለን። ሐተተ የሚለው ግስም በመጽሐፉ ውስጥ የሚሠራው በግእዝ ትርጉሙ ነው። እዚህ ላይ ቃሉን የወሰነው ሥሩ ሳይሆን ዐውዱ መሆኑን ልብ ይሏል፤ በዘመናዊው አማርኛ ሐተታ ሰፊ ማብራሪያ ስለ ሆነ ብቻ ድርሳን ብንለው እናትን በግእዝ ላይ መሾማችን ነበር።

አዲሱ ምርጫ ግን የሚጎድለው አለ። የእንግሊዝኛው ኢንኳየሪ ለዘመኑ አንባቢ አምላክን ከበር ውጭ ትቶ የሚገባ የአእምሮ ሥራ ይመስላል። የዋሻው ሰው ግን የሚመረምረው እየጸለየ ነው፤ ማስተዋልን የሚለምነው ከፈጣሪው ነው። መዝሙረ ዳዊት በእጁ ነው። ይህን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሊሸከመው አይችልምና ግእዙን አብሮ ማኖራቸው መልካም አድርገዋል።

ሐተታውንም መመርመር

ከዚህ ላይ የሚያስፈራ ነገር አለ። ከእኛ ወገን ይህን መጽሐፍ በደስታ የሚጠቅሱ እየበዙ ነው። ጾምን፣ ምንኩስናን በመተቸቱ «ይኸው ከእኛ በፊት የተናገረ ኢትዮጵያዊ» ይሉታል። ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት።

አንደኛ፣ የመጽሐፉ ደራሲነት አከራካሪ ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው አለ፤ ኦይገን ሚትቮክ በ1934 ደገፈው። ሰምነር በሰፊው ተከራክረው ለዘርዐ ያዕቆብ መለሱት። አናይስ ቪዮን በ2013 ክርክሩን ወደ ጁስቶ መልሳ ከፈተችው። ታላቁ የግእዝ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ቀድሞ ይጠራጠሩ ነበር፤ በኋለኛው ዘመናቸው አሳባቸውን ለውጠው ዘርዐ ያዕቆብ የሚባል ደራሲ እንደ ነበረ ተቀበሉ። ይህን የምናገረው ፍርድ ለመስጠት አይደለም። «ሳትመረምሩ አትመኑ» የሚልን መጽሐፍ ሳይመረምሩ በመድረክ መጥቀስ ግን በራሱ መጽሐፉን አለማንበብ ነው። የፕሮፌሰር ጌታቸውም ምሳሌነት ትልቅ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ያጠና ሊቅ «ቀድሞ ያልሁት አይደለም» ለማለት አላፈረም።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉ በእኛ ልክ የተሰፋ አይደለም። ምንኩስናን የተቸበት ልቡና የሙሴን ሕግና ተአምራቱንም ይተቻል። ልቡናን የመገለጥ ዳኛ ያደርጋል። ከእርሱ የሚስማማንን ቆርጠን ወስደን የማይስማማንን ብንደብቅ ሐተታ አልሠራንም፤ ምስክር ገዝተናል። ከዘርዐ ያዕቆብ የምንማረው ብዙ ነው፤ በሃይማኖት ስም ሰው ሲሳደድ ልቡ ምን እንደሚጠይቅ፣ እርስ በርሱ የሚካሰስ ክርስትና ለሰሚው ምን እንደሚመስል። ጥያቄውን በክብር እንስማ፤ መልሱን ግን በቃሉ እንመዝን።

የቤርያ ሰዎችና ጲላጦስ

ቃሉ ስለ መመርመር ምን ይላል? አብዛኞቻችን የምንጠቅሰው የሐዋርያት ሥራ 17፥11ን ነው፤ የቤርያ ሰዎች ጳውሎስ የነገራቸው እንዲሁ እንደ ሆነ ለማየት በየቀኑ መጻሕፍትን መረመሩ። የግሪክኛው ግስ አናክሪኖ ነው። ይኸው ግስ በሉቃስ 23፥14 ጲላጦስ ጌታችንን በሕዝቡ ፊት ስለ መመርመሩ ሲናገር ይገኛል፤ አማርኛውም በሁለቱም ቦታ መረመረ ይላል። በሐዋርያት ሥራ 12፥19 ሄሮድስ ጠባቂዎቹን መርምሮ ያስገድላቸዋል፤ ግሱ ያው ነው። የችሎት ቃል ነው። አንድ ጸሐፊ፣ ሉቃስ፣ አንድን ቃል ለጲላጦስም፣ ለሄሮድስም፣ ለቤርያ ምእመናንም ተጠቀመበት።

እንግዲህ የቤርያን ምስጋና ከግሱ ሥር ልናወጣ አንችልም። ምስጋናው ያለው በዐውዱ ነው። ሉቃስ ስለ ቤርያ ሰዎች ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይናገራል፦ ቃሉን በሙሉ ፈቃደኝነት ተቀበሉ፤ ደግሞም መረመሩ። ጲላጦስ መረመረ፤ በደል እንደሌለበትም ዐወቀ፤ ያገኘውን እውነት ግን ሊታዘዝለት አልፈቀደም። ሄሮድስ መረመረ፤ ጥፋተኛውን አስቀድሞ ወስኖ ነበር። የቤርያ ሰዎች ያገኙትን ሊታዘዙ ተዘጋጅተው መረመሩ፤ በ17፥12 እንደምናነበው ብዙዎቹ አመኑ። የተመረመረውም ሐዋርያ ነበር። ጳውሎስ «እኔን ትጠራጠራላችሁን?» አላለም፤ ሉቃስም ስለ ጠየቁ ልበ ሰፊ ይላቸዋል።

ዮሐንስ 5፥39ም ከዚህ ጋር ይሄዳል። እዚያ ያለው የግሪክኛ ግስ ኤራውናኦ ነው፤ መልኩ ትእዛዝም፣ የሚያደርጉትን መናገርም ሊሆን ይችላል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ ትርጉም እንደ ሁለተኛው ወስዶታል፤ የሚቀጥለውም ቁጥር ይደግፈዋል። መጻሕፍትን የሚመረምሩ ነበሩ፤ መጻሕፍት ወደሚመሰክሩለት ግን ሊመጡ አልወደዱም። ስለዚህ ይህን ጥቅስ «መርምሩ» ለሚል ስብከት ብቻ ማዋል ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጥቅሱ ለሴሚናሪ ተማሪ ማስጠንቀቂያም ነው። ምርምር በራሱ ሕይወት አይደለም።

ሮሜ 11፥33 ደግሞ የምርምርን ወሰን ያሳየናል፤ የእግዚአብሔር ፍርድ የማይመረመር ነው። ይህ ግን ጥያቄ ለሚያነሣ ወጣት የምንወረውረው መዝጊያ አይደለም። ጳውሎስ «የማይመረመር» ያለው ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ስለ እስራኤል አስቸጋሪ ጥያቄ ከጠየቀና ከመረመረ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ የሚነገር «አይመረመርም» ስንፍና ሊሆን ይችላል፤ ከረጅም ድካም በኋላ የሚነገረው ግን አምልኮ ነው። መዝሙር 139ም መዝሙረኛው ራሱ እንዲመረመር ይለምናል። የመጽሐፍ ቅዱስ መርማሪ አስቀድሞ የተመረመረ ሰው ነው።

ይህ በአገልግሎታችን ላይ ምን ያደርጋል?

የመጀመሪያው በስብከት ዝግጅት ነው። የግሪክኛም የእንግሊዝኛም ቃል ስናነሣ «ሥሩ ምንድን ነው?» ከማለታችን በፊት «ይህ ጸሐፊ ሌላ ቦታ ምን ብሎበታል?» እንበል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ያለው የገጠር ወንጌላዊም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ቃሉ የሚገኝባቸውን ቦታዎች አንብቦ ማወዳደር ነው።

ሁለተኛው በጽሑፍ ነው። «ቃሉ የመጣው ከዚህ ነው» ብሎ የሚጀምር የመመረቂያ ጽሑፍ ስናይ እኛ መምህራን በኅዳጉ ላይ «ቢሉ?» ብለን እንጻፍ። ከዚያስ ምን? ሥሩን ነገርኸኝ፤ ጽሑፉስ ምን አለ?

ሦስተኛውና ከባዱ በሰው ፊት ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ የሚያገለግል መጋቢ ብዙ ጠያቂዎች አሉት። የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ጎረቤት ይጠይቀዋል። ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰ ወጣት ይጠይቀዋል። በሐዘን የተመታች እናት ትጠይቀዋለች። ወጣቱ «መጋቢ፣ መጽሐፍ ቅዱስ እንዳልተለወጠ በምን እናውቃለን?» ሲል ብዙ ጊዜ የምንመልሰው በጥያቄ ነው፤ «ማን ነው እንዲህ ያለህ? ምን ስታነብ ነበር? ጸሎት አቁመሃል?» ይህም ጥያቄ ነው። ግን ኢንኳየሪ አይደለም፤ የኢንክዊዚሽን ታናሽ ወንድም ነው። ጥፋተኛውን አስቀድመን አግኝተናል፤ የቀረን ማናዘዝ ነው። ወጣቱም ይህን ይለያል፤ ሁለተኛ አይጠይቅም። ዝም ማለቱን እንደ እምነት እንቆጥርለታለን፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ወንበሩ ባዶ ይሆናል።

ፈተናው ቀላል ነው። ጠያቂው ሲናገር እኔ ልማርበት የምችለው ነገር እንዳለ አምናለሁን? መልሱን የማላውቅ ብሆን «አላወቅሁም፣ አብረን እንፈልግ» ለማለት አፌ ይታዘዛልን? እነዚህ ካልተገኙ በእጃችን ያለው ምርመራ ነው እንጂ ምርምር አይደለም።

በመጨረሻ አንድ የአማርኛ ቃል ላንሣ። ጠየቀ የምንለው ግስ ጥያቄ ማቅረብ ብቻ አይደለም፤ የታመመ ይጠየቃል፤ የታሰረ ይጠየቃል። ማቴዎስ 25ም በአማርኛችን ታሞ ስለ ተጠየቀ ጌታ ይናገራል። እዚህ ላይ ተማሪዬ ቢሰማኝ ይስቅብኛል። «መጋቢ፣ ደግሞ በሥርወ ቃል ሊሰብኩ ነው?» ይለኛል። አይደለም። መጠየቅ ሁሉ መጎብኘት ነው አልልም፤ ሁለቱ አጠቃቀሞች የተለያዩ ናቸው። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ጌታ ስለሚፈልገው ፍቅር ከቃሉ የተማርን ሰዎች ነንና፣ የሚጠራጠረውን ወጣት ስንጠይቀው የታመመ እንደሚጠየቅ አድርገን እንጠይቀው። ቤቱ ሄደን፣ ተቀምጠን፣ እስኪጨርስ ሰምተን።

ያ ወንድም በሥልጠናው ማግስት ከትምህርቱ በፊት ተነሥቶ ሰሌዳውን ጠረገልኝ። ኢንኳየሪን ለሁለት የከፈልሁበት መስመር አብሮ ጠፋ። እኔም «ትናንት ያስተማርኋችሁ ስሕተት ነበር» ብዬ ጀመርሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ በሦስቱ ቀናት ውስጥ ከሰማኋቸው ሁሉ የተሻሉ ጥያቄዎች መምጣት ጀመሩ።